ከቅጠል የሚወጣ ድምፅ፦ ፎቶአኩስቲክ ስፔክትሮስኮፒና በደጋ ሰብሎች ላይ የሚደርስ የብረታ ብረት መርዛማነት

መግቢያ

በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለው ደጋ አንድ የገብስ ማሳ በቡቃያነቱ ቢጫ ቢሆን ምክንያቱ ከብዙዎቹ አንዱ ሊሆን ይችላል። በዋልካ አፈር ላይ ውኃ ተኝቶ ሥሩን አፍኖት ይሆናል፤ ውርጭ መትቶት ይሆናል፤ ናይትሮጅን ወይም ፎስፎረስ አንሶት ይሆናል፤ ወይም ዝናብ ለዘመናት ባጠበው ቀይ አፈር ውስጥ የሟሟ አሉሚኒየም የሥሩን ጫፍ አቁስሎት ይሆናል። ለዓይን ሁሉም ይመሳሰላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ነው። አንዱ ውኃውን ማጠንፈፍ፣ ሌላው የዘር ወቅትን ማስተካከል፣ ሦስተኛው ማዳበሪያ፣ አራተኛው ኖራ ይፈልጋል። አሲዳማ አፈርን ለማከም የሚያስፈልገው ኖራ በሄክታር በደርዘን የሚቆጠሩ ኩንታሎች ስለሆነ፣ መንገድ ወደማይደርስበት ማሳ በአህያ የሚያጓጉዘው ገበሬ ምክንያቱ በስሕተት ከተለየበት የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ የምርት ዘመኑንም ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ሁለተኛ ችግርም አለ። አንዳንድ ተክሎች መርዛማ ብረትን በቅጠላቸው አከማችተው ምንም የጉዳት ምልክት ሳያሳዩ ያድጋሉ። በተበከለ ወንዝ የለማ ሰላጣ ወይም ቆስጣ አረንጓዴና ለምለም ሆኖ ወደ ገበያ ሊቀርብ ይችላል። በመጀመሪያው ጉዳይ ተክሉ ታሞ የሕመሙ ምክንያት አይታወቅም፤ በሁለተኛው ደግሞ ተክሉ ጤነኛ መስሎ የሚጎዳው ተመጋቢው ነው።

ይህ ጽሑፍ ፎቶአኩስቲክ ስፔክትሮስኮፒ የተባለው የምርምር ዘዴ ለእነዚህ ሁለት ችግሮች ምን ያህል እንደሚረዳ ያብራራል። የጽሑፉ ዋና ነጥብም የሚከተለው ነው፦ ዘዴው በተክሉ ውስጥ የትኛው ሥራ እንደተጎዳና ጉዳቱ በምን ቅደም ተከተል እንደደረሰ ይናገራል፤ ጉዳቱን ያደረሰው ብረት የትኛው እንደሆነና መጠኑ ስንት እንደሆነ ግን አይናገርም። ይህ ልዩነት አስቀድሞ ካልተጤነ መሣሪያው ትክክለኛ ቁጥር እየሰጠ ተመራማሪውን ወደ ተሳሳተ ድምዳሜ ሊመራው ይችላል።

ብርሃን ወደ ድምፅ የሚለወጥበት መንገድ

የዘዴው መነሻ እ.ኤ.አ. በ1880 አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ያስተዋለው ክስተት ነው። ቤል ድምፅን በብርሃን ጨረር ለማስተላለፍ ከረዳቱ ከሰምነር ቴይንተር ጋር ሲሠራ፣ በፍጥነት እየተቆራረጠ የሚመጣ የፀሐይ ብርሃን በቁስ ላይ ሲያርፍ ቁሱ በተቆራረጠበት ፍጥነት ልክ ድምፅ እንደሚያወጣ ተገነዘበ። ጥቁርና ብርሃን የሚውጡ ቁሶች ከሌሎቹ ይልቅ ጎላ ያለ ድምፅ ሰጡ። በ1881 ጆን ቲንዳልና ቪልሄልም ሮንትገን ክስተቱ በጋዞች ላይም እንደሚታይ አረጋገጡ። ይሁን እንጂ ደካማውን ድምፅ በትክክል የሚለካ ማይክሮፎንና የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ በዘመኑ ስላልነበረ ግኝቱ ለረጅም ጊዜ ብዙ ጥቅም ሳይሰጥ ቆየ። በጠጣር ቁሶች ላይ የሚታየውን ክስተት በቀመር ያብራራው የአለን ሮዘንስዋይግና የአለን ጌርሾ ጽንሰ ሐሳብ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ናሙናው አነስተኛ አየር ባለበት የተዘጋ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። የሚበራና የሚጠፋ ብርሃን ሲያርፍበት የዋጠውን ጉልበት ከፊሉን ወደ ሙቀት ይለውጣል። ሙቀቱ ወደ ናሙናው ገጽ ደርሶ ገጹን የሚነካውን ስስ የአየር ንጣፍ ያሞቃል፤ ንጣፉ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ በዚህም እንደ ፒስተን ሆኖ ቀሪውን አየር ይገፋል። የሚፈጠረውን የግፊት መዋዠቅ ማይክሮፎን ይቀበለዋል። ሎክ-ኢን አምፕሊፋየር የተባለው መሣሪያ ደግሞ ከሌላው ጫጫታ መካከል ብርሃኑ በሚቆራረጥበት ፍጥነት የሚመጣውን ድምፅ ብቻ ለይቶ ያጎላል።

ይህ አካሄድ ለቅጠል የሚመችበት ምክንያት ግልጽ ነው። በተለመደው የብርሃን መለኪያ ክሎሮፊልን ለመለካት ቅጠሉ ተፈጭቶ በአሴቶን ወይም በአልኮል መሟሟት አለበት፤ ምክንያቱም ያልተፈጨ ቅጠል ብርሃኑን ይበትነዋል። በፎቶአኩስቲክ ዘዴ ግን የተበተነው ብርሃን ሙቀት ስለማይሰጥ መለኪያውን እምብዛም አያውከውም። የሚለካው የተዋጠው ብርሃን ስለሆነ ቅጠሉ ሕያው እንደሆነ፣ ሥራውን ሳያቋርጥ ሊመረመር ይችላል።

ሌላው ጠቀሜታ የጥልቀት ምርጫ ነው። ሙቀት በውኃማ የቅጠል ሥጋ ውስጥ በአንድ የብርሃን ዑደት ሊጓዝ የሚችለው ርቀት ውስን ነው። ብርሃኑ በሴኮንድ 20 ጊዜ ሲቆራረጥ ርቀቱ ወደ 47 ማይክሮሜትር፣ 300 ጊዜ ሲቆራረጥ ደግሞ ወደ 12 ማይክሮሜትር ይሆናል። ስለዚህ በዝግተኛው ፍጥነት ከቅጠሉ ውስጠኛ ክፍል የሚመጣ ሙቀት ሲሰማ፣ በፈጣኑ የሚሰማው ከላይኛው ሽፋንና ከሥሩ ካለው ስስ ክፍል የሚመጣው ብቻ ነው።

ሦስቱ ድምፆች

ሕያው ቅጠል የዋጠው ብርሃን ሦስት መንገዶች አሉት። አንደኛው በብርሃን አስተፃምሮ ወደ ኬሚካዊ ጉልበት መለወጥ ነው፤ ሁለተኛው ጥቂት በመቶ ብቻ የሚሆነው ፍሎረሰንስ ነው፤ ቀሪው ሙቀት ይሆናል። በተክል ጥናት ዘንድ እጅግ የተለመደው የክሎሮፊል ፍሎረሰንስ መለኪያ ከእነዚህ የሚቀበለው አነስተኛውን ድርሻ ነው። ፎቶአኩስቲክ ግን ሙቀቱን በቀጥታ ይለካል። ስለዚህ ሁለቱ ዘዴዎች ተፎካካሪዎች ሳይሆኑ አንዱ የሌላውን ውጤት የሚያረጋግጥባቸው ናቸው።

የመጀመሪያው ድምፅ የሙቀት ድምፅ ነው። ቅጠሉ በተቆራረጠ ደካማ ብርሃን እየተለካ ሳለ የማይቆራረጥ ብርቱ ነጭ ብርሃን ቢጨመርበት፣ የብርሃን አስተፃምሮ ማዕከላት በሙሉ ሥራ ይያዛሉ። በዚህ ጊዜ የተቆራረጠው ብርሃን ጉልበት የሚጠራቀምበት ስለማያገኝ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ድምፁም ከፍ ይላል። ከብርቱው ብርሃን በፊትና በኋላ በተሰሙት ድምፆች መካከል ያለው ልዩነት ለከፍተኛው ድምፅ ሲካፈል፣ ቅጠሉ ከዋጠው ጉልበት ምን ያህሉን እንዳጠራቀመ ያሳያል። ይህ የተጠራቀመ ጉልበት ድርሻ ይባላል። ሲቀንስ ቅጠሉ የዋጠውን ብርሃን ለሥራ ሳይሆን ለሙቀት እያዋለው ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው የኦክስጅን ድምፅ ነው። ብርሃኑ ዝግ ባለ ፍጥነት ሲቆራረጥ ኦክስጅን ከቅጠሉ የሚወጣው በየዑደቱ እየጨመረና እየቀነሰ ነው፤ ይህም በተዘጋው ክፍል ውስጥ ግፊት ይፈጥራል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሽሙኤል ማልኪን፣ ዴቪድ ካሄንና ባልደረቦቻቸው ይህን ከሙቀት ድምፅ ለይቶ መለካት እንደሚቻል አሳዩ። የኦክስጅን ሞለኪውል ከክሎሮፕላስት ተነሥቶ እስከ ውስጠኛው የአየር ክፍተት ለመድረስ ጊዜ ስለሚወስድ፣ በሴኮንድ ከመቶ ጊዜ በላይ በሚቆራረጥ ብርሃን ይህ ድምፅ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ በፈጣኑ ብርሃን የሚሰማው ሙቀቱ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ አንድን ቅጠል በዝግተኛና በፈጣን ብርሃን እየለኩ ሁለቱን ድምፆች መነጠል ይቻላል።

ሦስተኛው ድምፅ ከቅጠሉ ገጽ ሳይሆን ተክሉ ከሚያወጣው ጋዝ የሚመጣ ነው። ተክል በቁስል፣ በውኃ መተኛት፣ በድርቅ ወይም በመርዛማ ብረት ሲጨነቅ ኤትሊን የተባለውን ጋዛዊ ሆርሞን በብዛት ያመነጫል። ኤትሊን 10.53 ማይክሮሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ብርሃን በብርቱ ይውጣል። በኔዘርላንድስ የናይሜኸን ተመራማሪዎች በዚህ ላይ ተመሥርተው የሠሯቸው የፎቶአኩስቲክ መሣሪያዎች ከቢሊዮን የአየር ክፍል ከአንድ ያነሰ ኤትሊን በየደቂቃው መከታተል የሚያስችሉ ሆነዋል። የመሣሪያው ዋጋ ከፍተኛ ነው፤ የውኃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድም አስቀድመው መወገድ አለባቸው።

መርዙ የሚመታበት ቦታ

ሦስቱን ድምፆች ጥቅም ላይ ለማዋል መርዛማ ብረቶች ተክሉን የሚመቱት የት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ በሁለት ጎራ ከፍሎ ማየት ይጠቅማል፤ ሥር ላይ የሚቀሩና ቅጠል የሚደርሱ።

ቅጠል ከሚደርሱት መካከል ካድሚየም ዋነኛው ነው። ከሥር ወደ ቅጠል በቀላሉ ይጓዛል፤ ዚንክ ወደሚገባበት ይገባል፤ ካርቦንን የሚያስሩ ኢንዛይሞችን ያውካል፤ ኦክስጅን የሚመነጭበትንም ክፍል ይጎዳል። መዳብ ለተክል በጥቂቱ የሚያስፈልግ ቢሆንም ሲበዛ የኤሌክትሮን ዝውውርን ያግዳል። ከባድ ብረቶች በክሎሮፊል መሐል ያለውን ማግኒዚየም ተክተው ሊገቡም ይችላሉ፤ እንዲህ ያለው ክሎሮፊል ብርሃን ይውጣል እንጂ ጉልበቱን ለሥራ ማድረስ ይሳነዋል። በዚህ ዓይነት ጉዳት የኦክስጅን ድምፅና የተጠራቀመው ጉልበት ድርሻ፣ ቅጠሉ ቢጫ ከመሆኑ በፊት ይቀንሳሉ ተብሎ መጠበቁ ምክንያታዊ ነው።

ሥር ላይ ከሚቀሩት መካከል እርሳስና ክሮሚየም ይገኛሉ፤ ወደ ቅጠል የሚያልፈው ድርሻቸው አብዛኛውን ጊዜ አነስተኛ ነው። ለደጋው ገበሬ ግን ከሁሉ የሚበልጠው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም በማንኛውም ሸክላማ አፈር ውስጥ በብዛት ያለ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች እየወረደ ሲሄድ ከማዕድናቱ ተላቅቆ ይሟሟል። የሟሟው አሉሚኒየም የሥሩን የመጨረሻ ጥቂት ሚሊሜትር ይመታል፤ የሥር ዕድገት በሰዓታት ውስጥ ይገታል። ሥሩ አጭርና ደንዳና ሲሆን ፎስፎረስና ውኃ ፍለጋ መራመድ ያቅተዋል፤ ቅጠሉ የሚታመመው ከዚህ በኋላ ነው። ከዋና ዋና የብርዕ ሰብሎች ገብስ ለዚህ ጉዳት እጅግ ተጋላጭ ከሆኑት ይመደባል። አሉሚኒየምን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ከሥራቸው ጫፍ አሲድ እያመነጩ ብረቱን ያስሩታል፤ በስንዴ በዋናነት ማሌት፣ በገብስ ደግሞ ሲትሬት ይህን ሥራ ይሠራሉ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለዘዴው ወሳኝ ነው። የቅጠል ድምፅ ለካድሚየም ፈጣን ምስክር ሊሆን ሲችል፣ ለአሉሚኒየም ግን ዘግይቶ የሚደርስ ምስክር ነው። በአሉሚኒየም የተመታ ገብስ ሥሩ በመጀመሪያው ቀን ቆሞ ሳለ ቅጠሉ ለቀናት ጤነኛ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል። በኋላ የሚሰማውም ድምፅ የአሉሚኒየም ሳይሆን የፎስፎረስ እጥረት ወይም የውኃ ጥም ድምፅ ይሆናል። ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው ሦስተኛው ድምፅ ነው፤ አሉሚኒየም በሥር ጫፍ ላይ የኤትሊን ምንጭን እንደሚቀሰቅስ በጥራጥሬ ተክሎችና በአራቢዶፕሲስ ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋልና። ኤትሊን ግን በውኃ መተኛትና በቁስልም ስለሚጨምር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

የምዕራብ ደቡብ ወሎ ሁኔታ

የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ እሳተ ገሞራ የተከመረ የባዛልት አምባ ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ መሬቱ ወደ ምዕራብ ወደ ዓባይ ሸለቆ፣ ወደ ሰሜን ደግሞ ወደ በሽሎ ይወርዳል። የባዛልት አፈር በብረት፣ በማንጋኒዝና በአሉሚኒየም የበለፀገ ነው፤ ክሮሚየምና ኒኬልም በተፈጥሮው ይኖሩታል። ሜዳው ላይ ውኃ የሚይዘው ዋልካ፣ ተዳፋቱ ላይ ደግሞ የታጠበው ቀይ አፈር በአንድ ቀበሌ ውስጥ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ስለዚህ በአንዱ ማሳ የታየ ምልክት በሌላው ማሳ ያንኑ ትርጉም ላይኖረው ይችላል። በአገር አቀፍ ደረጃ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ገደማ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ መሆኑ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል፤ በደጋው ያለው ጥያቄ ግን አጠቃላዩ ስፋት ሳይሆን የትኛው ማሳ ነው የሚለው ነው።

ከፋብሪካ የሚመጣ ብክለት ሌላ መልክዓ ምድር አለው። በደቡብ ወሎ የኢንዱስትሪ ማዕከል የሆነችው ኮምቦልቻ የምትገኘው በምሥራቁ ተፋሰስ ነው፤ ውኃዋ በቦርከና በኩል ወደ አዋሽ እንጂ ወደ ዓባይ አይፈስም። በዚያ አካባቢ ወንዞች ውኃና ደለል ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከኢንዱስትሪ ፍሳሽ ጋር የተያያዙ ከባድ ብረቶችን መርምረዋል። ቆዳ በሚለፋበት ሥራ የሚውለው ክሮሚየም በአብዛኛው ብዙ የማይንቀሳቀሰው ዓይነት ቢሆንም፣ በአፈር ውስጥ ያሉ የማንጋኒዝ ኦክሳይዶች ወደ መርዛማውና ተንቀሳቃሹ ዓይነት ሊለውጡት ይችላሉ። በአዲስ አበባም በከተማዋ ወንዞች የሚለሙ አትክልቶች ለረጅም ጊዜ የጥናት ርዕስ ሆነው ቆይተዋል፤ ፍሥሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ያሳተሙት ጥናት በቅጠላማ አትክልቶች ውስጥ ያሉ ብረቶችንና ለጤና ያላቸውን አንድምታ የመረመረ ነው።

መካነ ሰላምን ከመሰለ ፋብሪካ ከሌለበት ከተማ አንጻር የውጭ ምንጭ ሊሆኑ የሚችሉት ከዚህ ያነሱ ናቸው፤ በፎስፌት ማዳበሪያ ውስጥ በርኩሰት የሚገኝ ካድሚየም፣ የተጣሉ የፀሐይ ኃይል ባትሪዎች እርሳስ፣ በጓሮ የሚበተን አመድና ጥራጊ። ስለዚህ ለደጋው የመጀመሪያው ጥያቄ አሉሚኒየም፣ ለኮምቦልቻና ለአዲስ አበባ የመስኖ አትክልት ደግሞ ካድሚየምና ክሮሚየም ናቸው። ለሁለቱ አንድ ዓይነት የመለኪያ ሥርዓት መጠቀም አያዋጣም።

ከፍታ በመለኪያው ላይ የሚያመጣው ለውጥ

በዘዴው ላይ ከተጻፉት መካከል ብዙዎቹ የተሠሩት ለባሕር ወለል በቀረቡ ቤተ ሙከራዎች ነው። በ2,600 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ወደ 74 ኪሎፓስካል፣ ማለትም የባሕር ወለሉ 73 በመቶ ገደማ ይሆናል። ይህ ልዩነት በድምፆቹ ላይ እኩል አይሠራም።

በሮዘንስዋይግና በጌርሾ ጽንሰ ሐሳብ መሠረት የሙቀት ድምፅ ከአየሩ ግፊትና ከሚሞቀው የአየር ንጣፍ ውፍረት ብዜት ጋር ይመጣጠናል። ግፊት ሲቀንስ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀት በውስጡ ራቅ ብሎ ይጓዛል፤ ንጣፉ በግፊቱ ካሬ ሥር መጠን ይወፍራል። ሁለቱ ሲጣመሩ ድምፁ ከግፊቱ ካሬ ሥር ጋር ይመጣጠናል። በዚህ ስሌት መካነ ሰላም ላይ የሚሰማው የሙቀት ድምፅ በባሕር ወለል ከሚሰማው 85 በመቶ ያህሉ ነው። የኦክስጅን ድምፅ ግን የሚመነጨው በተወሰነ ይዘት ውስጥ ከተጨመሩት ሞለኪውሎች ብዛት ስለሆነ፣ ቀድሞ በነበረው ግፊት ላይ አይመረኮዝም። በመሆኑም ተመሳሳይ ኦክስጅንና ተመሳሳይ ሙቀት የሚሰጥ ቅጠል በደጋው ቢለካ፣ የኦክስጅን ድምፅ ለሙቀት ድምፅ ያለው ንጽጽር ወደ 17 በመቶ ከፍ ብሎ ይታያል።

ይህን ያላስተዋለ ተማሪ በቅጠሉ ላይ የደረሰ መጠነኛ ጉዳት ሊሸፈንበት ይችላል፤ ንጽጽሩን በውጭ ከታተመ ቁጥር ጋር ሲያስተያይ የተጎዳው ቅጠል ጤነኛ ይመስለዋልና። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሙከራው ቅጠል መነጻጸር ያለበት በዚያው ቀን፣ በዚያው መሣሪያ ከተለካ ያልተመረዘ ቅጠል ጋር ነው። የተጠራቀመው ጉልበት ድርሻ ግን በአንድ ቅጠል ላይ የተለኩ ሁለት የሙቀት ድምፆች ንጽጽር ስለሆነ የግፊቱ ተጽዕኖ ይሰረዛል፤ ከመሣሪያው አንጻር በተለያየ ከፍታ በሚገኙ ቤተ ሙከራዎች መካከል ለማወዳደር የሚሻለው እሱ ነው። ይህም ሆኖ በከፍታ ላይ የካርቦን ዳይኦክሳይድም ግፊት ዝቅ ስለሚል ተክሉ ራሱ ሥራውን ሊለውጥ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

ሊሠራ የሚችል የሙከራ አቀማመጥ

የሙቀትና የኦክስጅን ድምፆችን ለመለካት የሚያስፈልገው መሣሪያ ከሌዘሩ በእጅጉ ያነሰ ዋጋ አለው። ቀይ ኤልኢዲ፣ ተራ የኤሌክትሬት ማይክሮፎን፣ በመስኮት የተዘጋ አነስተኛ የናስ ወይም የአሉሚኒየም ክፍልና በኮምፒዩተር የድምፅ ካርድ የሚሠራ የሎክ-ኢን ፕሮግራም ለመነሻ ይበቃሉ። በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች ያሉት እንደ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ያለ ወጣት ተቋም የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪዎችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊያገናኝበት የሚችል ሥራ ነው። የብርሃን ምንጩ ጥንካሬ በየሞገዱ ስለሚለያይ ሁሉንም ብርሃን የሚውጥ የጥላሸት ናሙና እንደ ማነጻጸሪያ ያገለግላል። የጄኔሬተር ንዝረት፣ የበር መዘጋትና ነፋስ መለኪያውን ስለሚያውኩ ክፍሉ በከባድ ድንጋይ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥና የብርሃኑ ፍጥነት ከኤሌክትሪኩ 50 ሄርዝና ከብዜቶቹ ርቆ ቢመረጥ ይመከራል።

ገብስን ለመመርመር ከሁሉ የሚቀድመው የንጽጽር ምድቦችን በትክክል ማስቀመጥ ነው። ቡቃያዎቹ በንጥረ ነገር ውኃ ውስጥ ሲያድጉ አንዱ ምድብ ለዘብተኛ ፒኤች፣ ሁለተኛው አሲዳማ ፒኤች ያለ አሉሚኒየም፣ ሦስተኛው አሲዳማ ፒኤች ከአሉሚኒየም ጋር፣ አራተኛው ለዘብተኛ ፒኤች ከካድሚየም ጋር ይሁን። ሁለተኛው ምድብ ከተዘለለ አሲዱ ራሱ ያደረሰው ጉዳት በአሉሚኒየም ስም ይመዘገባል። በተጨማሪ ፎስፎረስ የጎደለውና ውኃ የተኛበት ምድብ ቢኖር በመግቢያው ላይ የተጠቀሰውን የገበሬውን ጥያቄ በቀጥታ ለመመለስ ያስችላል።

በየቀኑ የሥሩ ርዝመት በማስመሪያ ይለካል፤ የሥሩ ጫፍ በሄማቶክሲሊን ሲነከር አሉሚኒየም የገባበት ክፍል ሐምራዊ ይሆናል። ከእያንዳንዱ ምድብ ተመሳሳይ ዕድሜ ካለው ቅጠል ናሙና ተወስዶ የተጠራቀመው ጉልበት ድርሻና የኦክስጅን ድምፅ ይመዘገባሉ። በተዘጋው ክፍል ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቶሎ ስለሚያልቅ መለኪያው ማጠር አለበት። ኤትሊን የሚለካ ከሆነ ግን ናሙናው ሙሉ ቡቃያ ይሁን፤ የተቆረጠ ቅጠል በቁስሉ ምክንያት የራሱን ኤትሊን ይጨምራልና።

ከአሠራሩ የሚጠበቀው ቅደም ተከተል ነው። ሥሩ ቀድሞ ቆሞ የቅጠሉ ድምፅ ለቀናት ሳይለወጥ ከቆየ መርዙ የሥር ነው። የኦክስጅን ድምፅ ሥሩ ገና እያደገ ሳለ ከቀነሰ መርዙ ቅጠል ደርሷል። ሁለቱም ሳይለወጡ ብረቱ በቅጠሉ ውስጥ በኬሚካል ትንተና ከተገኘ ደግሞ ተክሉ መርዙን ተቋቁሞ ይዞታል ማለት ነው፤ ለተመጋቢው ጤና እጅግ አሳሳቢው ውጤት ይህ ሦስተኛው ነው።

ዘዴው የማይመልሰው

ከላይ ካለው የሚከተሉ ሦስት ገደቦች ጎላ ብለው ሊቀመጡ ይገባል። አንደኛ፣ ካድሚየም፣ መዳብ፣ ድርቅና ውርጭ ሁሉም የተጠራቀመውን ጉልበት ድርሻ ሊቀንሱ ስለሚችሉ ከድምፁ ተነሥቶ የብረቱን ስም መጥራት አይቻልም። የብረቱ ማንነትና መጠን በአቶሚክ አብሶርፕሽን ወይም በተመሳሳይ ዘዴ፣ የአፈሩ ፒኤችና ሊሟሟ የሚችለው አሉሚኒየምም በአፈር ትንተና መለካት አለባቸው። ሁለተኛ፣ ጤነኛ ድምፅ የምግብ ደኅንነት ማስረጃ አይደለም። ሰላጣው በሚገባ ኦክስጅን እያመነጨ ካድሚየም ሊሸከም ይችላል፤ የተክሉ የመቻል ወሰንና የሰው የመቻል ወሰን አንድ አይደሉምና። ሦስተኛ፣ በቤተ ሙከራ በንጥረ ነገር ውኃ የተገኘ ውጤት ወደ ማሳ በቀጥታ አይወሰድም፤ በአፈር ውስጥ ብረቱን የሚያስሩ ሸክላ፣ ብስባሽና ፎስፌት አሉ።

እነዚህ ገደቦች ዘዴውን ዋጋ አያሳጡትም፤ ቦታውን ግን ያሳዩታል። የኬሚካል ትንተና በተክሉ ውስጥ ምን እንዳለ ይናገራል፤ ያ ነገር ተክሉን ምን እንዳደረገው ግን አይናገርም። ፎቶአኩስቲክ ሁለተኛውን ይመልሳል።

ማጠቃለያ

የፎቶአኩስቲክ ስፔክትሮስኮፒ ሕያው ቅጠል ሳይፈጭ፣ የዋጠው ብርሃን ወዴት እንደሄደ የሚያስረዳ ዘዴ ነው። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ጥቅም የሚሰጠው ግን መርዙ ሥር ላይ የሚቀር ነው ወይስ ቅጠል የሚደርስ የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ ሲጠየቅ ነው። ለአሉሚኒየም የመጀመሪያው ምስክር የሥር ጫፍ ሲሆን ቅጠል በኋላ የሚመጣ ነው፤ ለካድሚየም ቅጠል ቀድሞ ሊናገር ይችላል፤ መርዙን ተቋቁሞ ለሚያድግ አትክልት ደግሞ ቅጠል ዝም ሊል ይችላል። ከፍታው በመለኪያው ላይ የሚያመጣው ልዩነት በስሌት የሚታወቅ ስለሆነ፣ በደጋው የሚሠራ ተመራማሪ የራሱን ማነጻጸሪያ ይዞ መነሣት ይጠበቅበታል። ቢጫ ማሳውን ይዞ ኖራ ልግዛ ወይስ ውኃውን ላጠንፍፍ ለሚል ገበሬ ትክክለኛ መልስ የሚሰጠው አንድ መሣሪያ ሳይሆን፣ የአፈር ትንተና፣ የሥር ምርመራና የቅጠል ድምፅ በተገቢው ቅደም ተከተል ሲነበቡ ነው።